ዮጋና ሰባቱ ቻክራዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ከሥራ ሰዓት በኋላ ዮጋ አስተምራለሁ። ትምህርቱ የአንድ ሰዓት ነው። ጥያቄው ግን ተማሪዎቹ ጫማቸውን ሲያስሩ ይጀምርና እስከ ታክሲ ተራው ይከተለኛል። አብዛኛው ስለ ወገብ ወይም ስለ ጉልበት አይደለም፤ በስልክ ስለታየው ባለ ሰባት ቀለም የሰው ሥዕል ነው። ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻክራ ምንድን ነው?

ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን መንኮራኩር ማለት ነው። የሕንድ የዮጋና የታንትራ (ምስጢራዊ የአምልኮ ሥርዓት ነው) መምህራን ሰው ከሚዳሰሰው ገላው ሌላ የማይዳሰስ አካል አለው ብለው ያስተምራሉ። አማርኛ ለዚህ ቃል አይቸግረውም፤ አባቶቻችን ግዙፍና ረቂቅ ብለው ለይተውታል። በረቂቁ አካል ውስጥ ፕራና የተባለው የሕይወት እስትንፋስ ናዲ በሚሏቸው መስመሮች ይመላለሳል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የናዲዎቹን ቁጥር 72,000 ያደርሰዋል። ከእነዚህ መካከል ስማቸው የሚነሳው ሦስቱ ናቸው፦ በግራ በኩል ያለችው የጨረቃዋ ኢዳ፣ በቀኝ ያለችው የፀሐይዋ ፒንጋላ፣ በአከርካሪው መካከል ሽቅብ የምትወጣው ሱሹምና። ቻክራዎቹ በሱሹምና ላይ፣ ዶቃ በክር እንደሚሰካ፣ ከታች ወደ ላይ ተደርድረው ይታሰባሉ።

«ይታሰባሉ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ስለ ቻክራ ሲናገሩ በአብዛኛው ትእዛዝ እየሰጡ ነው፦ እዚህ ቦታ ይህን ያህል ቅጠል ያለው አበባ በሐሳብህ ትከል፣ በመካከሉ ይህን ፊደል አስቀምጥ፣ ይህን ድምፅ በልብህ በል። ሰውየው አስቀድሞ አበባውን በሐሳቡ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ይቀመጥበታል። ይህን የተረዳ ሰው ከታች ያሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ ይቀሉታል።

በእርግጥ ሰባት ናቸው?

ማንን እንደጠየቁ ይወሰናል። ሄቫጅራ የተባለው የቡድሂስት ታንትራ የሚያውቀው አራት ብቻ ነው፦ እምብርት ላይ 64 ቅጠል፣ ልብ ላይ 8፣ ጉሮሮ ላይ 16፣ ራስ ላይ 32። አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት የሚቆጥሩም አሉ። ዛሬ ዓለም የያዘው አቆጣጠር ሥሩ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ኩብጂካ የተባለችውን አምላክ ከሚያመልኩ ወገኖች ዘንድ ነው። እነርሱ ስድስት ቆጥረዋል። ሰባተኛው፣ ሳሃስራራ፣ ከአናት በላይ ያለ ሺህ ቅጠል አበባ ነው፤ ብዙዎቹ መጻሕፍትም ከስድስቱ ጋር አይቆጥሩትም፤ መድረሻ ነውና።

እንዴት ዓለምን እንደዞረ ግን በግልጽ ይታወቃል። በ1577 ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል መምህር «ሻት ቻክራ ኒሩፓና» የሚባል የሳንስክሪት ግጥም ጻፈ፤ «የስድስቱ ቻክራዎች ገለጻ» እንደ ማለት ነው። ጆን ውድሮፍ የተባለ የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም ይህን ግጥም ተርጉሞ በ1919 አሳተመው። ከዚያ ወዲህ የአንድ ወገን አቆጣጠር የሁሉም መሰለ። አንድ የዋድላ ቅኔ መምህር ያስተማረው በውጭ አገር ታትሞ «የኢትዮጵያ ቅኔ ይህ ብቻ ነው» ቢባል ጎንጅና ዋሸራ ምን እንደሚሉ ያስቡት።

እያንዳንዱ የት ነው? ምንስ አለበት?

ፑርናናንዳን ልከተል። ሙላዳራ በአከርካሪ ግርጌ ነው፤ ባለ 4 ቅጠል ሆኖ ባሕርዩ መሬት ነው። ስዋዲሽታና ከእምብርት በታች፣ ባለ 6፣ ውሃ። ማኒፑራ እምብርት ላይ፣ ባለ 10፣ እሳት። አናሃታ ልብ ላይ፣ ባለ 12፣ ነፋስ። ቪሹዳ ጉሮሮ ላይ፣ ባለ 16፣ ሕዋ። አጅና በሁለቱ ቅንድቦች መካከል፣ ባለ 2፤ ባሕርዩ ከአምስቱ ያለፈ፣ አእምሮ ነው።

አሁን ቅጠሎቹን ይደምሯቸው፦ 4፣ 6፣ 10፣ 12፣ 16፣ 2። ሃምሳ ይሆናሉ። ሃምሳው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ የሳንስክሪት ፊደላት ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል። 16ቱ አናባቢዎች ጉሮሮ ላይ ናቸው፤ ከ«ከ» የሚጀምሩት 12 ተነባቢዎች ልብ ላይ ናቸው፤ እንዲህ እያለ እስከ አከርካሪው ግርጌ ይወርዳል። ዓለም የተፈጠረችው በድምፅ ነው ብለው ለሚያምኑ ሰዎች የቻክራ ሥዕል በገላ ላይ የተዘረጋ የፊደል ገበታ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠው ሰው በሐሳቡ ጣት ሀሁ እየቆጠረ ይወርዳል፤ ቆጥሮም ይመለሳል። በልጅነቱ በየኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው ይህ ሥራ ሐሳብን እንዴት አንድ ቦታ እንደሚያስር ሳይነገረው ይገባዋል። ስለ ቻክራ ከተማርኩት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው፤ በስልክ የሚዞረው ሥዕል ላይ ግን አንድም ፊደል የለም።

ስሞቹም ቢሆኑ ጆሮ ቢሰጧቸው ይናገራሉ። ማኒፑራ «የዕንቁ ከተማ» ነው። አናሃታ «ያልተመታ» ማለት ነው። ከበሮ ካልተመታ አይጮኽም፤ የበገና አውታርም ካልተነካ ዝም ነው። በልብ ውስጥ ግን ምንም ከምንም ሳይጋጭ የሚሰማ ድምፅ አለ ይላሉ፤ ስሙ የወጣው ከዚያ ነው።

የቀስተ ደመናው ቀለማት ምን ማለት ናቸው?

ከታች ቀይ፣ ከላይ ሐምራዊ የሆነው አደራደር የሕንድ ጥንታዊ ትምህርት አይደለም፤ በ1970ዎቹ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋ ነው። በፑርናናንዳ ግጥም የእምብርቱ አበባ ዝናብ እንዳዘለ ደመና የጠቆረ ሲሆን በውስጡ ቀይ የእሳት ሦስት ማዕዘን አለው። የልቡ አበባ ቀይ ነው፤ በዛሬው ሥዕል ግን አረንጓዴ ሆኗል። ቀለሙን መውደድ ነውር የለውም። «አምስት ሺህ ዓመት የኖረ ጥበብ» ተብሎ ሲሸጥ ግን ዕድሜው ከእኔ እምብዛም እንደማይበልጥ መናገር ግዴታዬ ነው።

ሐኪም ቢያየው ያገኘዋል?

አያገኘውም። ይህን የሞከረ ሰው አለ፤ እርሱም የሕንድ መነኩሴ ነበር። በኋላ አሪያ ሳማጅ የተባለውን የሃይማኖት ተሃድሶ ማኅበር በ1875 የመሠረተው ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በወጣትነቱ መጻሕፍት ተሸክሞ የጋንጅስን ወንዝ ይከተል ነበር። አንድ ቀን ሬሳ በወንዙ ላይ ሲንሳፈፍ አየ። ከመጻሕፍቱ አንዳንዶቹ ስለ ቻክራና ስለ ናዲ ይተነትናሉ፤ እርሱ ግን ከተጠራጠረ ቆይቷል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሬሳውን ወደ ዳር ጎተተ፣ በቢላዋ ከፈተው፣ ልቡን አውጥቶ መረመረ፣ እምብርቱን፣ የጎድን አጥንቱን፣ ራሱን አየ። ያየውን ከመጻሕፍቱ ጋር አስተያየ። አልገጠመም። መጻሕፍቱን ቀዳደደና ከሬሳው ጋር ወደ ወንዙ ወረወራቸው። ታሪኩን የተናገረው ራሱ ነው።

ዳያናንዳን ለድፍረቱ አከብረዋለሁ፤ ቢላዋው ግን የተሳሳተ መሣሪያ ነበር። አበባው በሐሳብ የተተከለ ከሆነ ሬሳ ውስጥ እንዴት ይገኛል? አንዳንዶች ማኒፑራን ከሆድ በስተኋላ ካለው የነርቭ ጥልፍልፍ ጋር፣ ቪሹዳን ከእንቅርት ዕጢ ጋር ያዛምዱታል። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የመጣ የማስታረቅ ሙከራ ነው። ቦታው ስለተቀራረበ ነገሩ አንድ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ እምብርቴ ላይ ሐሳቤን ሳሳርፍ ሙቀት የሚሰማኝ ለምንድን ነው?

ትኩረት ስሜትን ስለሚያጎላ ነው። ይህን እያነበቡ ሳለ የግራ እግርዎን አውራ ጣት ያስቡት፤ ከአፍታ በፊት ያልነበረ ይመስል ወዲያው ይሰማዎታል። በዚያ ላይ ዝግ ያለ አተነፋፈስ ይጨመርበታል። በጣሊያን ተመራማሪዎች መሪነት ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን የካቶሊክን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ደግሞም አንድ የዮጋ ድምፅ እንዲደግሙ አድርጎ ነበር። ሁለቱም አተነፋፈሱን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ አወረዱት፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ሞገድም ከትንፋሹ ጋር ተስማማ። መቁጠሪያ ይዘው ያደጉ ሰዎች በዚህ ባይደነቁ አልፈርድባቸውም።

ቻክራ ከስሜት ጋር ይያያዛል የሚባለውስ?

«ሥሩ ፍርሃት፣ እምብርቱ በራስ መተማመን፣ ልቡ ፍቅር» የሚለው ዝርዝር በዚህ መልኩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ልቦና ሥራ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1932 በዙሪክ ስለ ኩንዳሊኒ ዮጋ ተከታታይ ንግግር አድርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። ጥንትም ጨርሶ አልነበረም አልልም፤ ሳንጊታ ራትናካራ የተባለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ መጽሐፍ ለየቅጠሉ የአእምሮ ሁኔታ ይሰጣል።

ስሜትን በገላ ላይ ማስፈር ግን ለእኛ ብርቅ አይደለም። ስንከፋ ሆዳችን ይባባል። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል፤ ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል፤ ለቅሶ ሲመጣ ጉሮሯችን ላይ ይተናነቀናል። ማንም ሰው «ቆሽቴ አረረ» ብሎ ሆስፒታል አይሄድም፤ ውሸት ተናግረሃልም አይባልም። የቻክራን ካርታ በዚህ ዓይን ያዩት ተማሪዎቼ ከሌሎቹ በተሻለ ይጠቀሙበታል።

ኩንዳሊኒ ምንድን ናት? እባብስ ለምን ሆነች?

ኩንዳሊኒ ማለት «የተጠቀለለችው» ነው። በአከርካሪ ግርጌ ሦስት ዙር ተኩል ተጠቅልላ የተኛች ኃይል ናት፤ በእንስት ትጠራለች፣ አምላክትም ናት። ዮጊው በትንፋሽና በተመስጦ ሲቀሰቅሳት በሱሹምና ሽቅብ እየወጣች፣ ቻክራዎቹን አንድ በአንድ እየበሳች፣ አናት ላይ ሺቫ ከተባለው አምላክ ጋር ትገናኛለች። እባብ በሕንድ የኃይልና የመታደስ ምልክት ነው፤ ቆዳውን ይገፍፋል። ለእኛ ሰው እባብ ሲባል የሚታወሰው ዘፍጥረት ምዕራፍ ሦስት ነውና ብዙዎች እዚህ ላይ ይሸሹኛል። እኔም አልጎትታቸውም። ኩንዳሊኒን የመቀስቀስ ልምምድ አላስተምርም፤ ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ መያዝን ስለሚጠይቅና ቅርብ የሆነ መምህር ስለሚፈልግ ነው። እንቅልፍ የራቀው ወይም ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ያጋጠመው ሰው ከቪዲዮ እያየ ፈጽሞ ባይሞክረው ይሻላል።

ዮጋ ማለት ውሕደት ነው ሲባል እሰማለሁ። ትክክል ነው?

በከፊል። የቃሉ ሥር «ዩጅ» ነው፤ ዋና ትርጉሙም መጥመድ፣ ቀንበር መጫን ነው። ስለዚህ «ተዋሕዶ» ከማለት ይልቅ በሬ የሚጠምድ ገበሬ ቢታሰብ ይቀርባል። እኛም «በሥራ ተጠምዷል» እንላለን። ካታ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ መጽሐፍ ገላን በሠረገላ፣ ሕዋሳትን በፈረሶች፣ ሐሳብን በልጓም፣ ማስተዋልን በነጂው ይመስላል፤ ሕዋሳትን አጽንቶ መያዝንም ዮጋ ይለዋል።

ፓታንጃሊ ደግሞ ነገሩን በተቃራኒው ይወስደዋል። ዮጋ ሱትራ የተባለው መጽሐፉ በአራት ምዕራፍ የተከፈሉ 195 ያህል አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ብዙ ሊቃውንት በ400 አካባቢ ያስቀምጡታል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሁሉንም ይጠቀልላል፦ ዮጋ የአእምሮን መናወጥ ማስከን ነው። መድረሻው ግን ውሕደት አይደለም፤ ካይቫልያ ይለዋል፣ ብቻነት ማለት ነው። ንጹሑ ተመልካች ፑሩሻ፣ ከምትለዋወጠው ተፈጥሮ ከፕራክሪቲ ተለይቶ ራሱን ሲያውቅ ማለት ነው። በየፖስተሩ ላይ የተጻፈው «ከዓለማት ጋር አንድ መሆን» ከሌላ የሕንድ ፍልስፍና የመጣ ነው።

ፓታንጃሊ ስለ ቻክራ ምን ይላል?

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ፦ ትኩረትን በእምብርት ቻክራ ላይ በማድረግ የገላ አሠራር ይታወቃል ይላል። ሌላ የለም። ዮጋን ያለ ቻክራ መማር ይቻላል ወይ ለሚሉኝ ይህን አሳያቸዋለሁ።

ስምንቱ አካላትስ ምንድን ናቸው?

ፓታንጃሊ መንገዱን በስምንት ይከፍለዋል። ያማ የመጀመሪያው ነው፤ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ አለመስገብገብ። ሁለተኛው ኒያማ ንጽሕናን፣ «ይበቃኛል» ማለትን፣ ተጋድሎን፣ ራስን ማጥናትንና ለፈጣሪ ራስን መስጠትን ይይዛል። ከዚያ አሳና (አቀማመጥ)፣ ፕራናያማ (ትንፋሽን መምራት)፣ ፕራትያሃራ (ሕዋሳትን ወደ ውስጥ መሰብሰብ)፣ ዳራና (ሐሳብን አንድ ቦታ ማሰር)፣ ድያና (ተመስጦ) ይቀጥላሉ፤ ስምንተኛው ሳማዲ (በተመስጦው ፈጽሞ መጥለቅ) ነው።

ልብ ይበሉ፤ ዛሬ ዮጋ የሚባለው ዝርጋታና ቁመት ከስምንቱ ሦስተኛው ብቻ ነው። ለእርሱም ፓታንጃሊ የሰጠው ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው «አቀማመጥ የጸና እና የተመቸ ይሁን» ይላል። ከእኔ ዘንድ የሚማሩ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት አሉ፤ ጉልበታቸው ስለማያጥፍላቸው ትምህርቱን የሚከታተሉት በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። እግራቸውን መሬት ላይ አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሲቀመጡ ከሁላችንም በላይ የፓታንጃሊ ተማሪ እርሳቸው ናቸው። በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማሯቸው ሕንዳዊ ነበሩ። «አልጀብራ እንጂ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም» ይሉኛል።

ይህ ሁሉ የመቆምና የመታጠፍ ዓይነት ታዲያ ከየት መጣ?

ጥቂቱ ከቀደሙት የዮጋ መጻሕፍት ነው። ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ 15 አቀማመጦችን፣ ጌራንዳ ሳምሂታ 32 ይዘረዝራሉ፤ አብዛኛዎቹ ቁጭ ተብሎ የሚሠሩ ናቸው። ቀሪው በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት የተስፋፋ ነው። በዚያ ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻርያ ጥንታዊውን ትምህርት ከዘመኑ የሰውነት ማጎልመሻ ጋር አዋሕዶ ለወጣቶች አሠራ። ከተማሪዎቹ አየንጋርና ፓታቢ ጆይስ ዓለምን አዳረሱት፤ ኢንድራ ዴቪ የተባለችው ተማሪው ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ በሆሊውድ ማስተማሪያ ከፈተች። ፍልስፍናውን አስቀድሞ ወደ ምዕራብ የወሰደው ግን በ1893 በቺካጎ የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ የተናገረው ስዋሚ ቪቬካናንዳ ነው፤ እርሱም ለአቀማመጦቹ ብዙም ቦታ አልነበረውም።

ዮጋ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይመጣል፤ በቀጭን መልስም ማለፍ አልወድም። ዮጋ የበቀለው በሕንድ ሃይማኖቶች መካከል ነው። ቻክራዎቹ አማልክት አሏቸው፤ ድምፆቹም ጸሎት ናቸው። «ምንም ሃይማኖት የለበትም» የሚል አስተማሪ ወይ አላነበበም ወይ ደንበኛ እንዳይቀርበት ፈርቷል። በሌላ በኩል ወገብን ማዘንበልና በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም።

ሌሎች አገሮች መስመሩን በተለያየ ቦታ አስምረዋል። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2008 ለሙስሊሞች ከልክሏል። የኢንዶኔዢያ ዑለማዎች በ2009 የሂንዱ ሥርዓትና ድምፅ ያለበትን ከለከሉ እንጂ እንቅስቃሴውን አልከለከሉም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 እንደ ስፖርት እንዲሰጥ ፈቅዳለች፤ በዚያ ያሉ እህቶች ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት በ1993 ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያገደውን ዮጋ በ2021 ሲፈቅድ «ናማስቴ» የሚለውን የሕንድ ሰላምታና ዜማን ውጭ አስቀርቷል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ ለተማሪው ከእንቅስቃሴው ጀርባ ያለውን ሳልደብቅ እነግረዋለሁ፤ የሚወስደውን እርሱ ከንስሓ አባቱ፣ ከፓስተሩ ወይም ከኢማሙ ጋር ይመርጣል። ተማክረው የቀሩ አሉ፤ ዛሬም ሰላም እንባባላለን።

«ኦም» የሚለውን የዮጋ የጸሎት ድምፅ ማሰማት ግዴታ ነው?

አይደለም። በእኔ ክፍል አይባልም።

የእኛ «ሰባቱ ባሕርያት» ከሰባቱ ቻክራዎች ጋር አንድ ናቸው?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ አንድ ወጣት ነው መጀመሪያ የጠየቀኝ። በሊቃውንት ትምህርት ሰው አራት ባሕርያተ ሥጋ አሉት፦ መሬት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ነፋስ። ሦስት ባሕርያተ ነፍስ ደግሞ አሉት፦ ልባዊነት፣ ነባቢነት፣ ሕያውነት። ድምሩ ሰባት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱም በቻክራዎቹ ላይ ካየናቸው ጋር ይገጥማሉ።

ግን የአራቱ ባሕርያት ትምህርት በግሪክም፣ በዓረብም፣ በሕንድም የነበረ የጥንቱ ዓለም የጋራ ሀብት ነው። ሕንዶቹ አምስተኛ ባሕርይ፣ ሕዋን፣ ይጨምራሉ። የእኛዎቹ ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት በገላ ላይ ቦታ የላቸውም፤ የሚበቅልባቸው አበባም፣ የምትወጣባቸው እባብም የለችም። ሰባት ቁጥር ብቻውን ዘመድ አያደርግም። ወጣቱ አልተዋጠለትም፤ እስካሁን እንከራከራለን።

ቻክራህ ተዘግቷል ተባልኩ። ምን ላድርግ?

የተናገረው ሰው መክፈቻውንም የሚሸጥ ከሆነ ኪስዎን ይዝጉ። አንዲት ተማሪዬ በስልክ ባየችው ማስታወቂያ ሰባት ባለ ቀለም ድንጋዮች ገዝታ መጣች፤ የከፈለችው ከወር ቤት ኪራይዋ ግማሽ ነበር። ድንጋዮቹ ያምሩ ነበር። ድካሟ ግን አልለቀቃትም፤ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ለመንኳት፣ ሄደች፣ ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። በጥንታዊው ትምህርት የዮጋ ልምምድ የሌለው ሰው ቻክራ መጀመሪያውኑ ያልተከፈተ ነው፤ የእርስዎ ብቻ ተለይቶ «የሚዘጋበት» ምክንያት የለም።

ለጤና የተረጋገጠ ጥቅም አለው?

ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ጥናቶች ያሳያሉ፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 መመሪያው ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መካከል አስገብቶታል። ውጥረትን ለማርገብም ይረዳል። ስኳርን ይፈውሳል፣ ካንሰርን ያጠፋል የሚለውን አይስሙ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው ተዘቅዝቆ በአናቱ መቆም የለበትም፤ የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራልና። ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ካፓላባቲን የመሰለ ፈጣንና ኃይለኛ አተነፋፈስ ይተዉ።

ቤቴ ሆኜ ከምን ልጀምር?

ከትንፋሽ። በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንዱ እምብርት ላይ ይሁን። በአፍንጫ ሲያስገቡ የታችኛው እጅ ከፍ ይበል፤ የላይኛው ዝም ይበል። መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው ተቃራኒው ይሆናል፤ ደረት ይነፋል፣ ሆድ ይሸሸጋል፤ ሆዳችንን ስበን እንድንሄድ ተምረናልና። አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማዞር ከመጣ ቁጥሩን ትተው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ።

በሳምንቱ ደግሞ በአንድ አፍንጫ እየተቀያየሩ መተንፈስን ይሞክሩ። አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ቢያገኙት ኢዳ ተዘጋች ብለው አይደንግጡ፤ የአፍንጫ ቀዳዳዎች በየጥቂት ሰዓቱ ተራ እየተለዋወጡ መጥበባቸው የተፈጥሮ ነው።

በጾም ቀን መሥራት ይቻላል?

ዮጋ በባዶ ሆድ ነው የሚመረጠው። ከበሉ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ሳይበሉ ውለው ከደከሙ ግን ትንፋሹን ብቻ ይሥሩ።

ዮጋ ከአዲስ አበባ ጋር ግንኙነት አለው?

አንድ የሚገርም አለ። ዩኔስኮ ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው አዲስ አበባ ላይ በተቀመጠው ጉባኤ ነው፤ ኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም በ2016 መጨረሻ። የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዘገበ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ177 አገሮች ደጋፊነት፣ ሰኔ 14 ቀን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን ወስኗል። በየዓመቱ የሚከበረው በእኛ ክረምት መግቢያ ላይ ነውና ደጅ ለመሥራት ያቀደ ሰው ሰማዩን አይቶ ይውጣ።

ምንጣፍ መግዛት አለብኝ?

የግድ አይደለም። ባጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በስድስተኛው ምዕራፉ የዮጊውን መቀመጫ ሲያዝዝ እጅግ ከፍ ያላለ፣ እጅግም ያልዘቀጠ ይሁን ይልና ከታች ኩሻ የተባለ ሣር፣ በላዩ የአጋዘን ቆዳ፣ ከዚያ ጨርቅ ያነጥፋል። ሰሌን፣ ቁርበትና አራት የታጠፈ ጋቢ ያለው ቤት ከዚህ የራቀ አይደለም። ቆመው የሚሠሩ ከሆነ ግን ካልሲዎን ያውልቁ፤ የሴራሚክ ወለል ያንሸራትታል።